ከመደብር ወንበር እስከ ኩባንያ ጉባኤ፦ ሊዮን ሱሊቫን

በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት፣ ቻርለስተን በምትባል ከተማ፣ አንድ ጥቁር ሕጻን ሳንቲሙን ጨብጦ ከመደብር ገባ። የሚሻው የሚጠጣ ለስላሳ ብቻ ነበር። ከመደብሩ ወንበር ላይ አረፍ ሲል ግን በቁጣ ተነሥ ተባለ። በዚያ ዘመን ጥቁር ሰው በዚያ መደብር ገንዘቡን መክፈል ይችላል፤ ከነጮች ጋር መቀመጥ ግን አይፈቀድለትም። ሕጻኑ ተነሥቶ ቆመ። ከዚያች ቀን ጀምሮም እንዲህ ያለውን አድልዎ ዕድሜውን ሙሉ ሊታገል ለራሱ ቃል ገባ።

ያ ሕጻን ከዓመታት በኋላ በዓለም ታላላቅ ከሚባሉት ኩባንያዎች በአንዱ የዳይሬክተሮች ቦርድ ውስጥ የተቀመጡት ቄስ ሊዮን ሱሊቫን ናቸው።

ሱሊቫን የተወለዱት እ.አ.አ በ1922 ነው። አስተዳደጋቸው በድህነት ነበር፤ በእንክብካቤ ያሳደጓቸውም አያታቸው ናቸው። ቁመተ መለሎ ስለነበሩ በስፖርት ችሎታቸው የኮሌጅ ትምህርት ዕድል አገኙ። ጉዳት ደርሶባቸው ዕድሉ ሲቋረጥ ደግሞ በብረት ፋብሪካ እየሠሩ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ገና በወጣትነታቸው የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆኑ። ወደ ኒው ዮርክ አቅንተውም በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። እ.አ.አ በ1950 በፊላደልፊያ ከተማ የጽዮን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መሪ ሆኑ።

ፊላደልፊያ የፋብሪካ ከተማ ነበረች። የጥቁር ቤተሰብ ልጆች ግን ሥራ አጥተው በየመንገዱ ይውሉ ነበር። ጥቁሮች የፋብሪካዎቹን ምርት ይገዛሉ፤ ሥራ ፈላጊ ሆነው ሲመጡ ግን በሩ ይዘጋባቸዋል፤ ቢቀጠሩም ዕጣቸው ዝቅተኛው ሥራ ነው። ሱሊቫን ይህን አይተው 400 የሚሆኑ ጥቁር የሃይማኖት አባቶችን አስተባበሩ። ዘዴያቸው ቀላል ነበር። ጥቂት አባቶች ወደ ኩባንያው ኀላፊ ይሄዳሉ። ስንት ጥቁር ሠራተኞች እንዳሉት፣ በየትኛው የሥራ መደብ ላይ እንደሚሠሩ ፊት ለፊት ይጠይቃሉ። ቁጥርና ቀን ቆርጠውም ጥቁሮች እንዲቀጠሩ ያሳስባሉ። ኀላፊው እሺ ካለ በሰላም ይለያያሉ። እንቢ ካለ ግን በእሑድ ጸሎት ላይ ምእመኑ የዚያን ኩባንያ ምርት እንዳይገዛ ይነገረዋል።

እ.አ.አ በ1960 አንድ ስመ ጥር የኬክ አምራች በዚህ መንገድ ተፈተነ። አባቶቹ ጥቁሮች ምርቱን በመኪና እያዞሩ የሚሸጡ ሠራተኞችና የቢሮ ጸሐፊዎች ሆነው እንዲቀጠሩ ጠየቁ። ኩባንያው አሻፈረኝ ሲል ምእመናን ኬኩን ተዉት፤ ሸቀጡ ከየሱቁ መደርደሪያ ሳይነሣ ቀረ። በመጨረሻም ኩባንያው ጥያቄውን ተቀበለ። ሌሎችም ተከተሉ። ማርቲን ሉተር ኪንግና ባልደረቦቻቸውም ሱሊቫንን ወደ አትላንታ ጋብዘው ስለ ዘዴው ተረዱ፤ የራሳቸውንም የሥራ ዕድል ዘመቻ ጀመሩ።

በሩ ሲከፈት ግን ሌላ ችግር ገጠማቸው። ብዙዎቹ ወጣቶች ለተገኘው ሥራ የሚበቃ ሙያ አልነበራቸውም። ሱሊቫን ይህንንም አልሸሸጉም። እ.አ.አ በ1964 በአንድ የተተወ የፖሊስ ጣቢያ ውስጥ የሙያ ማሠልጠኛ ማዕከል ከፈቱ። ወጣቶች ቀድሞ በሚታሰሩበት ቤት የእጅ ሙያ፣ ንባብና ስሌት ይማሩ ጀመር። ማዕከሉ ወደ ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ተስፋፋ፤ ባሕር ተሻግሮም ናይጄሪያ፣ ጋናና ኢትዮጵያ ደረሰ።

በኛ አገር የእድር አባላት ለክፉ ቀን እንደሚያዋጡት ሁሉ፣ የእሳቸው ምእመናንም በየወሩ 10 ዶላር ለ36 ወራት አዋጡ። ከዚያ መዋጮ በመነሣትም እ.አ.አ በ1968 በጥቁሮች ባለቤትነት የተያዘ ሰፊ የገበያ ማዕከል በፊላደልፊያ ተከፈተ።

እ.አ.አ በ1971 ጄኔራል ሞተርስ የተሰኘው ግዙፉ የመኪና አምራች ሱሊቫንን በዳይሬክተሮች ቦርዱ ውስጥ አስገባቸው። በኩባንያው ቦርድ የመጀመሪያው ጥቁር እሳቸው ነበሩ። ብዙዎች አርፈው ይቀመጣሉ ብለው ጠብቀው ይሆናል። እሳቸው ግን በዚያው ዓመት በባለአክሲዮኖች ጉባኤ ላይ ተነሥተው፣ ኩባንያው ዘር ከሚለየው የደቡብ አፍሪካ አገዛዝ ምድር እንዲወጣ በግልጽ ጠየቁ። ከራሱ ቦርድ የወጣ ሰው በጉባኤ ፊት ኩባንያውን መቃወሙ እንግዳ ነገር ነበር። ድምፅ ሲሰጥ በሰፊ ልዩነት ተሸነፉ። ቦርዱን ግን ጥለው አልወጡም።

እ.አ.አ በ1977 ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ለሚሠሩ የአሜሪካ ኩባንያዎች ስድስት መርሆዎችን አወጡ። ጥቁርና ነጭ ሠራተኞች በአንድ ምግብ አዳራሽ እንዲመገቡ፣ ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ እንዲከፈል፣ ጥቁሮች በሥልጠና አልፈው ወደ ኀላፊነት እንዲያድጉ፣ የሠራተኞች የመኖሪያ ቤት፣ የትምህርትና የጤና ኑሮ እንዲሻሻል የሚጠይቁ ነበሩ። መጀመሪያ 12 ኩባንያዎች ፈረሙ፤ ከዓመታት በኋላ ቁጥራቸው ከመቶ በላይ ሆነ። የፈረሙትም የደረሱበትን በየዓመቱ እንዲያሳውቁ ይጠበቅባቸው ነበር።

ነቀፌታውም ቀላል አልነበረም። የፋብሪካው ምግብ አዳራሽ ለሁሉም ቢከፈትም ከፋብሪካው በር ውጭ ያለው ጥቁር ሰው አሁንም ድምፅ መስጠት እንደማይችል ተቺዎች ተናገሩ። መርሆዎቹ ኩባንያዎቹ በዚያች አገር ለመቆየት መሸፈኛ ሆነዋልም አሉ። ሱሊቫን ይህን ወቀሳ ሰምተው እንዳልሰሙ አልሆኑም። እ.አ.አ በ1985 ለደቡብ አፍሪካ አገዛዝ የሁለት ዓመት ጊዜ ሰጡ። ቀነ ገደቡ ሲያልፍ፣ እ.አ.አ በ1987፣ ስማቸውን በዓለም ያስጠራው መርሆ ብቻውን አገዛዙን እንደማያፈርስ በአደባባይ አመኑ። የአሜሪካ ኩባንያዎች በሙሉ ከደቡብ አፍሪካ እንዲወጡም ጥሪ አቀረቡ። ሌላውን ፊት ለፊት መጠየቅ የለመዱት ሰው የገዛ ሥራቸውንም በዚያው ሚዛን መዘኑት።

ብዙ ኩባንያዎች ለቀው ወጡ። የደቡብ አፍሪካ ሕዝብ የረጅም ዘመን ተጋድሎ፣ ከዓለም ዙሪያ ከመጣው ጫና ጋር ተዳምሮ አገዛዙን አዳከመው። እ.አ.አ በ1994 የአገሪቱ ጥቁር ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ሰጠ።

ሱሊቫን በሽምግልናቸውም አላረፉም። የአፍሪካ መሪዎችንና የአሜሪካ ጥቁሮችን የሚያገናኝ ጉባኤ እ.አ.አ በ1991 በአቢጃን አስጀመሩ። እ.አ.አ በ1999 ደግሞ መርሆዎቻቸውን ለዓለም ኩባንያዎች ሁሉ በሚሆን መልኩ አድሰው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ይፋ አደረጉ።

እ.አ.አ በሚያዝያ 2001 በ78 ዓመታቸው አረፉ። በተተወው ፖሊስ ጣቢያ የጀመሩት የሙያ ሥልጠና፣ በምእመናን አሥር አሥር ዶላር የተነሣው ገበያም ከእሳቸው ሞት በኋላ ቀጠሉ። ከመደብር ወንበር ተነሥ የተባለው ያ ሕጻን የኋላ ኋላ ከትልቁ ጠረጴዛ ተቀመጠ፤ ተቀምጦም ስለቆሙት ሰዎች ተናገረ።