ስለ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ሕይወትና ስለ እጅ ጽሕፈታቸው ዋጋ

የትምህርት ቤታችን በዓል ሲቃረብ ለእኛ ለመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንድ ሥራ ተሰጠን፤ ይኸውም የታወቁ ሰዎችን የእጅ ጽሕፈትና ፊርማ ሰብስበን በቤተ መጻሕፍቱ ለእንግዶች እንድናሳይ ነው። ፊርማ መሰብሰብ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በዓመቱ መጨረሻ የኦቶግራፍ ደብተር ያልያዘ ተማሪ አይገኝም፤ የኳስ ተጫዋች ወይም የዘፋኝ ፊርማ ያለውማ ከጓደኞቹ ሁሉ በላይ ይከበራል። የሊቅ ፊርማ ያለው ግን ከመካከላችን አንድ ስንኳ አልነበረም። ስለዚህ የምጣኔ ሀብት አስተማሪያችን ስማቸውን ደጋግመው የሚያነሡትን የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ፊርማ ለመፈለግ ቆረጥን።

ሳምንት ሳይሞላ የሞጆ ልጅ የሆነ ጓደኛችን ከአያቱ ሣጥን የወጣ አንድ ቢጫ ወረቀት ይዞ ወደ አዳማ መጣ። ወረቀቱ ከድሬዳዋ ጉምሩክ የተሰጠ የቆዳ ቀረጥ ደረሰኝ ሲሆን፥ ከግርጌው የደበዘዘ ማኅተምና የማይነበብ ፊርማ አለበት፤ ዓመቱም 1918 ይላል። ነጋድራስ የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም እንደ ነበሩና በ1919 እንደ ሞቱ ከአንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አንብበን ስለ ነበር፥ ደስታችን ወሰን አጣ። ወሬው ከግቢ ወጥቶ ገበያ ደረሰና አንድ ነጋዴ ልግዛችሁ ብሎ ላከብን። ስንት ብለን እንደምንጠራለት ግራ ስለ ገባን አስተማሪያችንን ብንጠይቃቸው፥ የሰውየውን ሕይወት ሳታውቁ የወረቀቱን ዋጋ አታውቁትም አሉን። ይህን ጽሑፍ የጀመርነው በዚህ ምክንያት ነው።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በዓድዋ አጠገብ ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ በምጽዋ አቅራቢያ በምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠሩ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪካቸው ተረት ይመስላል። ከጓደኞቻቸው ጋር በምጽዋ ወደብ የቆመ የጀርመን መርከብ ለማየት ገብተው ሳይወርዱ ቀሩና ባሕር ተሻገሩ ይባላል። በአውሮፓ አንድ ሀብታም የኦስትሪያ ቤተሰብ እንደ ልጅ አድርጎ አሳደጋቸው፤ በኋላም በበርሊን ትምህርታቸውን ተከታተሉ። እኛ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ እንኳ ስንት ቀን ወላጆቻችንን እንለምናለን!

ወደ አገራቸው ተመልሰው ዳግማዊ ምኒልክ በታመሙበት ዘመን በቤተ መንግሥት ለጀርመኖች በአስተርጓሚነት ሠሩ። ቀጥሎም ከአገር ወጥተው ሳሉ አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ጽሑፋቸው በአሥመራ፥ ብርሃን ይሁን በሚል መጽሐፍ ውስጥ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1912 ታተመ። በዚህ ጽሑፍ የንጉሡ ገንዘብና የመንግሥት ገንዘብ እንዲለይ፥ ግብሩም በታወቀ ልክ እንዲሆን ይመክራሉ። ይህን በዚያ ዘመን በግልጥ መጻፍ ቀላል ድፍረት አልነበረም። በልጅ ኢያሱ ጊዜ የባቡር ሐዲድ ተቆጣጣሪ፥ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ተሾሙ።

እዚህ ላይ ታሪካቸው ወደ እኛ አገር ይቀርባል። ያ ሐዲድ ከድሬዳዋ ተነሥቶ በአዋሽ፥ በወለንጪቲ፥ በአዳማና በሞጆ አልፎ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የገባው ነው። ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር ሲወርድ፥ ጨርቅና ብረታ ብረት ወደ ላይ ሲወጣ፥ ነጋድራስ በየጭነቱ ሳያስቡበት አልቀሩም። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በተባለው ትልቁ መጽሐፋቸው የሀብት ምንጭ ሥራና ዕውቀት መሆኑን ያስረዳሉ፤ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋር ሲነግድ የብዙ ቀን ድካሙን ሰጥቶ የጥቂት ቀን ሥራ ይቀበላል ይላሉ። ለዚህ ነገር የሚቀርብ አሳብ ከላቲን አሜሪካ ራውል ፕሬቢሽ ጽፎ ዓለም የሰማው በ1950 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ዛሬም ሞጆ ደረቅ ወደብ ሄዶ የሚገባውንና የሚወጣውን ዕቃ የሚያይ ሰው የነጋድራስን ጥያቄ በዓይኑ ያየዋል።

ነገር ግን ይህ መጽሐፍ ሲታተም አላዩትም። በ1911 ዓ.ም. በ33 ዓመታቸው ሞቱ፤ መጽሐፉ በአዲስ አበባ የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ አምስት ዓመት ሙሉ ያ ሁሉ አሳብ በእጅ በተጻፈ ወረቀት ላይ ብቻ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። አይጥ ቢበላው፥ ዝናብ ቢያገኘው፥ ወይም ባለሱቅ ስኳር ቢጠቀልልበት ኖሮ ዛሬ ስማቸውን የሚያነሣ ባልተገኘ ነበር።

በውጭ አገርም ይህ ደርሷል። አዳም ስሚዝ በ1790 እ.ኤ.አ. ሊሞት ጥቂት ቀን ሲቀረው የእጅ ጽሑፎቹን አብዛኛውን አስቃጠለ፤ ስለዚህ የቀረችው ደብዳቤው ሁሉ እንደ ዕንቍ ትፈለጋለች። ኬይንስ የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ደግሞ በ1936 እ.ኤ.አ. የኒውተን ወረቀቶች በሎንዶን በሐራጅ ሲበተኑ ብዙውን ገዝቶ አስቀረ፤ በኋላም ለካምብሪጅ ኮሌጁ ተሰጠ። ስም ብቻ ያለበት ቁራጭ ወረቀት ርካሽ ነው፤ አሳብ ያለበት ደብዳቤ ይወደዳል፤ ያልታተመ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ዋጋ አይወጣለትም። በእኛ አገር አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። የቀድሞ ሹማምንት ደብዳቤ ብዙ ጊዜ በጸሓፊ እጅ ይጻፍና በማኅተም ይጸና ስለ ነበር፥ ማኅተሙን አይቶ ጽሕፈቱ የባለማኅተሙ ነው ማለት አይቻልም።

ይህን ሁሉ ጽፈን ዓመታቱን በሰሌዳ ላይ በተርታ ስናሰፍር ዝም ተባባልን። ነጋድራስ በ1911 ዓ.ም. ሞቱ፤ ደረሰኙ በ1918 ዓ.ም. ተጻፈ። የፈረንጁን 1919 ከአገራችን 1918 ጋር አጋጥመን ነበርና፥ ሰውየው ከሞቱ ከሰባት ዓመት በኋላ አስፈርመናቸዋል! ነጋዴው ይህን ሲሰማ ሁለተኛ አልላከብንም።

ከሁሉ የከበደን ለጓደኛችን አያት መንገር ነበር። ሦስት ሆነን ሞጆ ወረድን። እማማ ቡና እያፈሉ ሰሙንና ሳቁ። ስለ ነጋድራስ ሰምተው አያውቁም፤ ወረቀቱን ያኖሩት አባታቸው በባቡር ለላኩት የመጀመሪያ ቆዳ የተሰጠ ስለ ሆነ ነው። እኛ በማይነበበው ፊርማ ስንጨነቅ፥ የአባታቸው ስም ከላይ በግልጥ ተጽፎ አላየነውም ነበር።

ደረሰኙ አሁን በአባታቸው ስም፥ ከነጋድራስ መጽሐፍ አጠገብ ተቀምጧል፤ እማማም በበዓሉ ቀን መጥተው ያዩታል። ለነጋድራስ ፊርማ ያዘጋጀነው ክፈፍ ግን ባዶውን ነው። አሮጌ ሣጥን ያላችሁ ወላጆች ፈልጋችሁ ብታመጡልን ደስ ይለናል፤ ከ1911 ዓ.ም. ወዲህ የተጻፈውን ግን አንቀበልም።