ማይክል ፋራዴይ፦ የብረት ቀጥቃጩ ልጅ

ከኦጎልቾም ሆነ ከአሰላ ተነስቶ በኢተያ በኩል ወደ አዳማ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ የነፋስ ተርባይኖችን ያያል። ነፋሱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን መርሕ ያገኘው የአንድ ብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነው።

ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1791 በለንደን አቅራቢያ ተወለደ። በእህል ውድነት ዘመን ለሳምንት የሚደርሰው አንድ ዳቦ ብቻ ነበር። በ14 ዓመቱ ከመጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ሊማር ገባ፤ የሚጠርዛቸውንም መጻሕፍት ያነብ ነበር። በ1813 የኬሚስቱ የሃምፍሪ ዴቪ ረዳት ሆነ። በ1831 ማግኔት በሽቦ ጥቅል ውስጥ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አሳየ፤ የቆቃ ግድብ ጄኔሬተሮችም የሚሠሩት በዚሁ ነው።

ማመንጨት ግን የሥራው እኩሌታ ነው። አዝመራ ያለ ጎተራ አይከርምም፤ ነፋስም ይቆማል። ፋራዴይ በ1837 አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡ የናስ ሉሎችን ሠርቶ፣ በመካከላቸው መስታወት ወይም ድኝ ሲገባ የሚይዙት ኤሌክትሪክ እንደሚጨምር ለካ። የዚህ አቅም መለኪያ በስሙ ፋራድ ተባለ።

አንድ ፋራድ ለረጅም ዘመን የማይደረስበት መጠን ነበር። ዛሬ አውራ ጣት የሚያህል ሱፐርካፓሲተር ከዚያ በላይ ይይዛል። ተመራማሪዎች ለዚህ የሚሞክሩት የካርቦን ናኖቲዩብ ከፀጉር በሺዎች እጥፍ የቀጠነ ቱቦ ሲሆን፣ የአንድ ግራሙ ገጽ በመቶዎች የሚቆጠር ካሬ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ኤሌክትሪኩ የሚከማቸውም በዚያ ገጽ ላይ ነው። በሰከንዶች ይሞላል። ከባትሪ ያነሰ ስለሚይዝ ሌሊቱን ሙሉ ቤት አያበራም፤ ነፋሱ ሲደክምና ሲበረታ የሚፈጠረውን መዋዠቅ ግን ያረግባል።

ፋራዴይ የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት እንዲሆን ቢጠየቅም አልተቀበለም። በ1867 በ75 ዓመቱ አረፈ።