ቻርለስ ስታይንሜትዝና የኒውትራል መስመር ስሌት

ባለ ሦስት ፌዝ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚነድፍ መሐንዲስ ዛሬ የሚጠቀምበት የስሌት ዘዴ በአመዛኙ ከቻርለስ ፕሮቲየስ ስታይንሜትዝ የተወረሰ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የሊቁን ሕይወት በመቃኘት፣ ዘዴው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ላሉ ቅይጥ አገልግሎት ሕንፃዎች ያለውን ፋይዳ ያሳያል።

ስታይንሜትዝ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 9 ቀን 1865 በያኔዋ የፕራሻ ከተማ ብሬስላው፣ በዛሬዋ የፖላንድ ቭሮትስዋፍ ተወለደ። ከአባቱና ከአያቱ የወረሰው የጀርባ መጉበጥ ነበረበት፤ ቁመቱም እጅግ አጭር ነበር። በተወለደባት ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሲማር በሶሻሊስት እንቅስቃሴ በመሳተፉ የመታሰር ሥጋት ተደቀነበት፤ የዶክትሬት ትምህርቱን ሊፈጽም ጥቂት ሲቀረው በ1888 ወደ ዙሪክ ሸሸ። በተከታዩ ዓመት ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በኒውዮርክ ግዛት፣ በዮንከርስ ከተማ በነበረው የሩዶልፍ አይክማየር ፋብሪካ ተቀጠረ። በ1892 በብረት ውስጥ የሚደርሰውን ማግኔታዊ የኃይል ብክነት በቀመር በማስቀመጡ ስሙ በመሐንዲሶች ዘንድ ታወቀ።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1891፣ ከላውፈን እስከ ፍራንክፈርት 175 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው መስመር የባለ ሦስት ፌዝ ሥርዓት በተግባር እንደሚሠራ አረጋግጦ ነበር። ስሌቱ ግን ገና አድካሚ ነበር። ስታይንሜትዝ በ1893 በቺካጎ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ ላይ መፍትሔ አቀረበ፤ የከረንትንና የቮልቴጅን መጠንና አንግል በአንድ ኮምፕሌክስ ቁጥር መወከል ነበር። አርተር ኬኔሊም በዚያው ዓመት ኢምፔዳንስን በተመሳሳይ መንገድ ገልጿል። በዚህም የካልኩለስ ጥያቄ የነበረው ወደ አልጀብራ ወረደ። የአይክማየር ድርጅት በጄኔራል ኤሌክትሪክ ከተጠቀለለ በኋላ፣ ስታይንሜትዝ በ1894 ወደ ስኬኔክታዲ ተዛወረ፤ በ1897 ዘዴውን የሚያብራራ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1902ም በዩኒየን ኮሌጅ ማስተማር ጀመረ።

የዘዴው ጥቅም በምሳሌ ይታያል። በለቡ ወይም በጀሞ፣ ከታች ወርክሾፕና ካፌ፣ ከላይ መኖሪያ ያለው ሕንፃ ከ220 ቮልት መነሻ በሦስቱ ፌዞች 40፣ 25 እና 10 አምፔር ይሳብ እንበል፤ ፓወር ፋክተሩ 1፣ ኒውትራልን ጨምሮ የእያንዳንዱ ሽቦ ሬዚስታንስ 0.1125 ኦም ይሁን። የኒውትራሉ ከረንት ተራ ድምሩ፣ 75 አምፔር፣ አይደለም፤ ዜሮም አይደለም። ሦስቱ ከረንቶች በ120 ዲግሪ ስለሚራራቁ ከነአንግላቸው ሲደመሩ 26 አምፔር ያህል ይሆናል።

ይህ ከረንት በኒውትራሉ ላይ የራሱን የቮልቴጅ ለውጥ ያስከትላል። ጭነቱ የተመጣጠነ ነው ብሎ ያሰላ ሰው በ40 አምፔሩ ፌዝ ላይ 4.5 ቮልት፣ ማለትም 2 በመቶ ብቻ ይቀንሳል ይላል። ኒውትራሉ ሲታሰብ ግን ቅናሹ 7 ቮልት፣ 3.2 በመቶ ያህል ይሆናል፤ ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለመብራት ከሚመክረው የ3 በመቶ ወሰንም ያልፋል። በአንጻሩ 10 አምፔር በሚስበው ፌዝ ላይ ቮልቴጁ ወደ 221.4 ከፍ ይላል። ኒውትራሉ ከተበጠሰ ደግሞ ልዩነቱ እጅግ ሰፍቶ፣ አነስተኛ ጭነት ባለበት ፌዝ ላይ የተሰኩ ዕቃዎች ሊቃጠሉ ይችላሉ።

ዘዴው ወሰን አለው፤ በአንድ ጊዜ የሚያገለግለው ለአንድ ፍሪኩዌንሲ ነው። ስታይንሜትዝም የተዛቡ ሞገዶችን በመጽሐፉ ለብቻ መርምሯል። ይህ ጉዳይ ዛሬ ክብደቱ ጨምሯል። ኤልኢዲ መብራቶችና ኮምፒውተሮች የሚያመነጩት ሦስተኛ ሃርሞኒክ በሦስቱም ፌዞች አንድ አቅጣጫ ስላለው በኒውትራል ላይ አይጣፋም፤ ይደመራል። በየፌዙ 10 አምፔር ካለ፣ ጭነቱ ፍጹም የተመጣጠነ ቢሆንም፣ በኒውትራሉ 30 አምፔር በ150 ሄርዝ ያልፋል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ሕንፃ ኒውትራሉን ከፌዞቹ ማቅጠን ወጪ ቆጣቢ ቢመስልም ለእሳት አደጋ በር ይከፍታል።

ስታይንሜትዝ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 26 ቀን 1923 በስኬኔክታዲ አረፈ። ያወረሰው ትምህርት ለዲዛይን መሐንዲሶቻችን ግልጽ ነው፤ ፌዞቹ ሲሰሉ ኒውትራሉም ከነአንግሉና ከነሃርሞኒኩ አብሮ ሊሰላ ይገባል።