ንግሥት እሌኒ ዘኢትዮጵያ

በመስከረም ወር በዓለ መስቀል ሲከበር ስሟ የሚነሣው እሌኒ የቈስጠንጢኖስ እናት ናት። ስሟን የወረሰችው የኢትዮጵያዋ እሌኒ ግን ባለችበት ዘመን እጅግ የታወቀች ስትሆን፥ ታሪኳ በየገድሉና በየዜና መዋዕሉ ተበታትኖ በመቅረቱ፥ ለብዙ ተማሪ ከስሟ በቀር የሚታወቅ የለም። እርሷ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጀምሮ እስከ ዐፄ ልብነ ድንግል ድረስ የስድስት ነገሥታትን ዘመን አይታለች። ከእነዚህም አንዱ ባሏ ነበረ፤ የቀሩት ደግሞ እርሷ ሳትወልዳቸው እንደ እናት ያከበሯት ነበሩ።

ትውልዷ ከሐዲያ ነው። ሐዲያ በዚያ ዘመን ለኢትዮጵያ ንጉሥ የሚገብር፥ ነገር ግን የራሱ ገዢ ያለው የእስላም አገር ነበረ፤ ገዢውም ገራድ ይባል ነበር። አባቷ ገራድ መሐመድ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባገባት ጊዜ ክርስትና ተነሥታ በቤተ መንግሥቱ ሥርዐት ቀኝ በዓልቴሐት ተብላ ተሾመች። በዚያ ዘመን ንጉሡ ቀኝና ግራ በዓልቴሐት የሚባሉ እቴጌዎች ስለ ነበሩት፥ የቀኙ ማዕርግ የእርሷ ሆነ። እንዲህ ያለው ጋብቻ በሁለት ወገን መካከል ሰላም እንዲጸና የሚደረግ እንጂ የልጅቱ ፈቃድ የሚጠየቅበት እንዳልነበረ የታወቀ ነው።

የገባችበት ቤት ቀላል ቤት አልነበረም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መጻሕፍትን የሚያጽፍ፥ ሠላሳ ሦስቱ የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ የደነገገ፥ በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ስለ ሰንበት የነበረውን የአባቶች ክርክር ያስታረቀ ንጉሥ ነው። ስለዚህ እሌኒ የሃይማኖትን ነገር የተማረችው ከምንጩ አጠገብ ተቀምጣ ነው። ይሁን እንጂ ያው ንጉሥ በቍጣው የሚፈራ ነበረ። በጣዖት አምልኮ ወይም በክሕደት የተከሰሰ ሁሉ፥ ልጁም ቢሆን ሚስቱም ብትሆን፥ ከቅጣት አያመልጥም። የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳ ለልጇ መንግሥት ተመኝታለች ተብላ ተከሳ፥ ተገርፋ በዚያው ሕመም እንደ ሞተች ዜና መዋዕሉ አልሸሸገም። በዚህ ላይ የገራድ መሐመድ ልጅ ማሒኮ ግብር አልሰጥም ብሎ ሸፈተ፤ ንጉሡም አጎቱን ባሞን በእርሱ ፈንታ ሾመ፥ ማሒኮም ሲሸሽ ተገደለ። የወንድሟ ራስ ሲቈረጥ እርሷ በንጉሡ ቤት ነበረች። ስለዚህ ነገር ምን እንዳለች አልተጻፈም። ከዚያ በኋላ ግን ማዕርጓ እንዳልተነካ የታወቀ ነው፤ ይህም ብቻውን የትዕግሥቷን መጠን ለመገመት ይበቃል።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1460 ዓ.ም. ሲያርፍ ልጁ በእደ ማርያም ነገሠ። እናቱ በግርፋት የሞተችበት ይህ ወጣት ንጉሥ፥ ልጅ ያልወለደችውን እሌኒን በእናቱ ስፍራ አስቀመጣት። የባል ሞት የብዙ እቴጌዎችን ክብር ሲያስቀር የእርሷን ግን አበዛው። የበእደ ማርያም ዜና መዋዕል ጸሓፊ እርሷን ለማመስገን ቃል አልሰሰተም። በጽድቅና በሃይማኖት፥ በጸሎትና ቅዱስ ቍርባን በመቀበል፥ በሕግ ዕውቀትና በመጻሕፍት ምርምር የተመሰገነች መሆኗን ይናገራል፤ የንጉሡን ማዕድ በማዘጋጀትም ሆነ በአነጋገሯ ብልህ መሆኗን ሳይቀር ያነሣል። ማዕድ ከመጻሕፍት ጋር አብሮ መቈጠሩ ሊያስደንቅ አይገባም። የቤተ መንግሥት ግብር የሰውን ደረጃ የሚገልጥ፥ ስሕተት ቢገኝበት መኳንንትን የሚያጣላ ታላቅ ሥርዐት ነበረና።

በእደ ማርያም በ1471 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ ሕፃኑ እስክንድር ነገሠ። በመጀመሪያ ሥልጣኑ በእናቱ በንግሥት ሮምና፥ በዐቃቤ ሰዓት ተስፋ ጊዮርጊስና በብትወደድ ዐምደ ሚካኤል እጅ ሆነ፤ እሌኒም ዘወር አለች። በኋላ ዐምደ ሚካኤል በሞት ተቀጥቶ ነገሩ ሲለወጥ፥ እርሷ ተመልሳ በምክር ስፍራዋ ተገኘች። እስክንድር በጦርነት ከሞተ በኋላ በወራሾች ደጋፊዎች መካከል ብዙ ደም ፈሰሰ፤ ሕፃኑ ዳግማዊ ዐምደ ጽዮን ጥቂት ወራት ብቻ ነግሦ ሞተ፥ ናዖድም ተተካ። ናዖድ ደግሞ በ1500 ዓ.ም. ከእስላሞች ጋር ሲዋጋ ሞተ። በዙፋኑ ላይ የተቀመጠው ልጁ ልብነ ድንግል በዚያን ጊዜ ገና ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ነበረ።

የእሌኒ ታላቅ ሥራ የሚጀምረው በዚህ ነው። በዕድሜዋ የገፋች መበለት ስትሆን፥ ከንጉሡ እናት ከናዖድ ሞገሳና ከመኳንንቱ ጋር ሆና የመንግሥቱን ነገር ያዘች። የጎጃም ሰፊ ክፍልም በእርሷ እጅ ነበረ።

በዚያ ጊዜ የኢትዮጵያ ጭንቀት ከምሥራቅ ይመጣ ነበር። ማሕፉዝ የሚባለው የዘይላ አሚር ለብዙ ዓመታት ድንበሩን ሲያጠቃ ኖረ። ልማዱም ዐቢይ ጾምን ጠብቆ መውጣት ነበረ፤ ሰዉ በጾም ደክሞ ሳለ በየዓመቱ ይመጣና መንደር አቃጥሎ፥ ምርኮ ማርኮ ይመለሳል። ምርኮኞቹም በባሕር ማዶ ይሸጡ ነበር። ጾም የሚያጸና መሣሪያ መሆኑን ለሚያውቅ ክርስቲያን፥ ጠላት ያንኑ ጾም መግቢያ በር ሲያደርገው ማየት ምን ያህል መራራ እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም። ማሕፉዝ ብቻውንም አልነበረም። የግብጽ ሡልጣን በባሕረ ኤርትራ መርከብ እያሠራ ወደ ሕንድ ባሕር ይልክ ነበር፤ ኢትዮጵያ ግን በደጋዋ ተቀምጣ አንዲት የጦር መርከብ አልነበራትም።

በቤተ መንግሥቱ ደግሞ ፔሮ ዳ ኮቪልያ የሚባል ፖርቱጋላዊ ነበረ። ይህ ሰው የሕንድን ወደቦችና በፋርስ ባሕር ሰላጤ በር ላይ ያለችውን ሆርሙዝን አይቶ፥ በዐፄ እስክንድር ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ከመጣ በኋላ እንዳይመለስ ተከልክሎ፥ ርስት ተሰጥቶት የሚኖር ነው። ስለ ፖርቱጋል መርከቦችና መድፎች የሚናገር ምስክር በቅርብ ነበር ማለት ነው። የእነዚያ መርከቦች ኃይልም ወሬ ብቻ አልነበረም። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1507 አፎንሶ ዴ አልቡከርክ ወደ ሆርሙዝ ሲያልፍ የዐረቦችን የባሕር ዳር ከተሞች መታ፤ ከተቃጠሉትም አንዷ ኮር ፋካን ናት። ይህች ወደብ ዛሬ የሻርጃ ግዛት ናት።

በ1501 ዓ.ም. ገደማ እሌኒ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ወደ ማኑኤል ደብዳቤ ጻፈች። የደብዳቤው ሐሳብ ግልጽ ነው። የግብጽ ሡልጣን መርከብ ማዘጋጀቱን መስማቷን ታመለክታለች፤ በባሕር ኃይል የሌላት አገሯ በየብስ ሠራዊትንና ስንቅን በብዛት ልታቀርብ እንደምትችል ትገልጣለች፤ የሁለቱ ነገሥታት ልጆች ቢጋቡ ወዳጅነቱ ይጸናል ትላለች። በልጅነቷ ራሷ የጋብቻ ሰላም መያዣ የነበረች ሴት ይህን ዘዴ ማንሣቷ ልብ የሚባል ነው። ከደብዳቤው ጋር ከመስቀለ ክርስቶስ ግማድ የተከፈለ ቅዱስ ዕንጨት ላከች። ስሟን ያወጡላት ካህናት መስቀሉን ያገኘችውን ቅድስት አስበው ከሆነ፥ ነገሩ በዚህ ተፈጸመ ማለት ይቻላል።

መልእክተኛው ማቴዎስ አርመናዊ ነው የሚባል ሰው ነበረ። በነጋዴ መልክ በእስላሞች ወደቦች መካከል አልፎ ሕንድ ደረሰ፤ በ1505 ዓ.ም. በጎዋ ያው አልቡከርክ ተቀበለው፥ ለቅዱስ መስቀሉም ካህናት ወጥተው በክብር አስገቡት። ከአልቡከርክ በቀር ግን ብዙዎቹ አላመኑትም። መልኩ የኢትዮጵያዊ አይደለም፥ ሴት የላከችው መልእክተኛ እንዴት ይታመናል፥ የግብጽ ሰላይ ይሆናል እያሉ አሙት። ወደ ፖርቱጋል በወሰዱት መርከቦች ላይ የነበሩት አለቆች በብረት አስረው አሠቃዩት። በየካቲት 1506 ዓ.ም. ሊዝበን ሲደርስ ንጉሥ ማኑኤል በክብር ተቀብሎት አለቆቹን አሰራቸው፤ ያስፈታቸው ግን ራሱ ማቴዎስ ለምኖ ነው። በዚያ ቤተ መንግሥት በልጅነቱ ያገለግል የነበረው ዳሚያኦ ዴ ጎይስ በኋላ ስለዚህ መልእክት መጽሐፍ ጽፎ ስላሳተመ፥ የእሌኒ ስም በአውሮፓ ታወቀ።

የመልሱ መልእክት ዕድል አላገኘም። ሽማግሌው አምባሳደር ዱዋርቴ ጋልቫኦ በ1509 ዓ.ም. በባሕረ ኤርትራ በካማራን ደሴት ሞተ። ሌላው አምባሳደር ሮድሪጎ ዴ ሊማ፥ ከእርሱም ጋር ቄሱ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ፥ ማቴዎስን ይዘው ምጽዋ የደረሱት በሚያዝያ 1512 ዓ.ም. ነው። ማቴዎስ ከዐሥር ዓመት በላይ ከተንከራተተ በኋላ የላከችውን ንግሥት ሳያያት፥ ወደ ደጋው እንደ ወጣ በደብረ ቢዘን ገዳም ዐረፈ።

በዚያ መካከል በአገር ውስጥ ነገር ተለውጦ ነበር። በ1509 ዓ.ም. ወጣቱ ልብነ ድንግል ማሕፉዝን በጦርነት ገጠመው። ማሕፉዝ ብቻ ለብቻ የሚዋጋኝ ማን ነው ብሎ ሲጣራ፥ ገብረ እንድርያስ የሚባል መነኵሴ ወጥቶ ገደለው። ይህ መነኵሴ ቀድሞ ስለ አንደበቱ በዐፄ ናዖድ ትእዛዝ ምላሱ የተቈረጠ ነበረ። ከዚህ ድል በኋላ ልብነ ድንግል የባዕድ ርዳታ የሚያስፈልገው አልመሰለውም። አምባሳደሮቹ በ1513 ዓ.ም. ከሰፈሩ ሲደርሱ ብዙ ቀን በደጅ አቈያቸው፤ ስለ ማቴዎስም መልእክት ነገሩ የእሌኒ እንጂ የእርሱ እንዳልሆነ የሚያሳይ ቅዝቃዜ አሳየ። እነርሱም ስድስት ዓመት ያህል ተቀምጠው በ1518 ዓ.ም. ያለ ጽኑ ውል ተመለሱ። የድል ጊዜ ለመምከር የማይመች መሆኑን አሮጊቷ ንግሥት ታውቅ ነበር፤ ወጣቱ ግን ገና አልተማረውም ነበር።

እሌኒ በእነዚያ ዓመታት ከመንግሥት ሥራ ወጥታ ወደ ጎጃም አዘንብላ ትኖር ነበር። በእነብሴ ያለችው መርጡለ ማርያም የእርሷ ዋና መታሰቢያ ናት። ስፍራው ጥንታዊ ቢሆንም፥ በጥርብ ድንጋይ ላይ አበባና ሐረግ እየተቀረጸ፥ በወርቅና በከበረ ንዋየ ቅድሳት አስጊጣ ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን በዚያ ዘመን አቻ አልነበረውም። ስለ እግዚአብሔር ሕግ አንድ፥ ስለ ሥላሴና ስለ እመቤታችን ድንግልና ሁለተኛ መጽሐፍ እንደ ደረሰችም ይነገራል። በገራድ ቤት ተወልዳ በግእዝ ስለ ምሥጢረ ሥላሴ እስከ መጻፍ መድረስ፥ በቅኔ ቤት ዓመታትን የፈጀ ተማሪ ክብደቱን ያውቀዋል።

ያረፈችው ፖርቱጋሎቹ በአገር ውስጥ ሳሉ፥ በ1514 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ ሰማንያ ዓመት ሳይሆናት አልቀረም። የቄሱ የአልቫሬስ ጽሑፍ እንደሚያስረዳው ለቅሶው የቤተ መንግሥት ብቻ አልነበረም። ታናሹም ታላቁም እናትና ጠባቂ ያጣ ሆኖ አለቀሰ፤ እርሷ በሕይወት ሳለች ሁሉም የሚኖር፥ ስትሞት ግን ሁሉም የሞተ ያህል ተቈጠረ።

ከሞተች ዐሥር ዓመት ሳይሞላ የፈራችው ነገር መጣ። የማሕፉዝ ልጅ ድል ወንበራ ያገባችው ኢማም አሕመድ፥ ግራኝ የተባለው፥ በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኩሬ የልብነ ድንግልን ሠራዊት ሰበረ። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ መርጡለ ማርያምም ከተቃጠሉት መካከል ናት። ልብነ ድንግል ከአምባ ወደ አምባ ሲሸሽ፥ ቀድሞ በደጅ ያቈየውን ርዳታ ለመነ። እርሱ በ1533 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ፥ በዚያው ዓመት አራት መቶ ፖርቱጋሎች ከክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ ጋር ምጽዋ ደረሱ፤ ንግሥት ሰብለ ወንጌልም ከደብረ ዳሞ ወርዳ ተቀበለቻቸው። ክሪስቶቫኦና ብዙዎቹ አለቁ፤ የተረፉት ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው በ1535 ዓ.ም. ግራኝ በሞተበት በወይና ደጋ ጦርነት ተገኙ። እሌኒ የጻፈችው ደብዳቤ መልስ ያገኘው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቈይቶ ነው።

በእነዚያ ወታደሮች መንገድ በኋላ ኢየሱሳውያን ስለ ገቡና በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ምክንያት ብዙ ደም ስለ ፈሰሰ፥ በሩን የከፈተችው እሌኒ ናት እያሉ የሚነቅፏት አልታጡም። ነቀፋው ቀላል አይደለም፤ በ1624 ዓ.ም. የተዋሕዶ ሃይማኖት እስኪመለስ ድረስ ስንት መነኰሳት እንደ ተገደሉ የገዳማት ታሪክ ያውቀዋል። ነገር ግን የእርሷ ደብዳቤ የጠየቀው መርከብና የጦር ጓደኛ እንጂ የሃይማኖት ለውጥ አልነበረም፤ ከእርሷ በኋላ መቶ ዓመት ቈይቶ አንድ ንጉሥ በገዛ ፈቃዱ ያደረገውን በአንዲት መበለት ላይ መጫንም ፍርድ አይሆንም። በሌላ በኩል፥ ወዳጅ ሲጠራ ምን ይዞ እንደሚመጣ አስቀድሞ ማወቅ ለማንም አልተሰጠም።

ያቺ የተቃጠለች ቤተ ክርስቲያን በሱስንዮስ ዘመን በእነዚያው ኢየሱሳውያን እጅ እንደ ገና ተሠርታ ነበር፤ እርሱም ፈረሰ። ዛሬ ወደ መርጡለ ማርያም የሚሄድ ተሳላሚ በአገልግሎት ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የቆመውን የጥርብ ድንጋይ ፍራሽ ያያል። ጣራ የለውም፤ በግንቡና በቅስቱ ላይ ግን የተቀረጸው አበባና ሐረግ እስከ አሁን ድረስ በደንብ ይታያል።