ሻምበል አበበ ቢቂላና የዕለቱ ሐሳብ

ሰው ሁሉ ሊደርስበት የሚመኘው ግብ አለው። ነገር ግን ግቡ በሙሉ በእጁ ያለ አይደለም። በእጁ ያለው ዛሬ ጧት ሲነሣ ለዕለት ሥራው የሚያቀርበው ቅን ሐሳብ ነው፤ ይህንኑ በአሶሳ ያሉ ሙስሊም አባቶቻችን ኒያ ይሉታል። በቤኒሻንጉል ወንዞች ዳር ወርቅ የሚያጥቡ እናቶቻችንም ነገሩን በሥራቸው ያውቁታል። አፈሩን በገበቴ አድርጎ በትዕግሥት ማጠብ የእነርሱ ድርሻ ነው፤ ወርቅ መገኘቱ ግን በእነርሱ ፈቃድ አይደለም። ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት፣ ይህን ትምህርት በኑሮው ያሳየንን የሻምበል አበበ ቢቂላን ታሪክ ለመጻፍ ወደድን።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ወጣት ሳለ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ውስጥ ገባ፤ በዚያም ኦኒ ኒስካነን የተባለው ስዊድናዊ አሠልጣኝ ችሎታውን አይቶ ለረጅም ርቀት ሩጫ አዘጋጀው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲሱ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ በሮም ከተማ በማራቶን ተሰለፈ። አዲሱ ጫማ እግሩን ስላልተመቸው በባዶ እግሩ ሮጠ። ያን ጊዜ በሮም አደባባይ ቆሞ የነበረውን፣ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ የተመለሰውን የአክሱም ሐውልት አልፎ፣ በችቦ ብርሃን 42 ኪሎ ሜትሩን ከ195 ሜትር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጸመ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በቶኪዮ ዳግመኛ አሸነፈ። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ገና ከአንድ ወር ብዙም ያልበለጠ ጊዜ ሆኖት ሳለ፣ ተከታዩን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ በዓለም የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ሦስተኛው ድል ግን አልተገኘም። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ እግሩ ታሞ ስለ ነበር ግማሽ መንገድ እንኳ ሳይሄድ ሩጫውን አቋረጠ፤ የወርቁን ሜዳሊያ ያገኘው ጓደኛው ማሞ ወልዴ ነበር።

በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን ከዚህ የከፋ ነገር መጣ። የሚነዳት ቮልስዋገን መኪና ተገልብጣ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወሰደ። በመጀመሪያ እጆቹም እግሮቹም አልታዘዙለትም ነበር። ከጊዜ በኋላ እጆቹ ዳኑ፤ ዓለም ያደነቃቸው እግሮቹ ግን ዳግመኛ አልቆሙም። ገና 36 ዓመቱ ነበር።

ኑሮው በሙሉ በግብ ላይ ብቻ የተመሠረተ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ በዚያች ሌሊት ሁሉ ነገር ባበቃ ነበር። አበበ ግን በቀሩለት እጆች ሊሠራ የሚችለውን ሥራ ያዘ። በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንዴቪል የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በኖርዌይ፣ የበረዶ ላይ ሽቅድምድም ባልተለመደበት አገር ያደገው ይህ ሰው፣ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ ተሽቀዳድሞ አንደኛ ወጣ። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ በተሽከርካሪ ወንበሩ ተገኘ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ፤ በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ተቀበረ፤ ሕዝብም በታላቅ ሐዘን ሸኘው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከተፈተኑት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶው ዘጠና ሰባት የሚያህሉት በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ የመግባት ግባቸው በአንድ ቀን ፊታቸው ላይ ተዘጋ። ከእነዚህም ብዙዎቹ የእኛ ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶች ናቸው። ትምህርትን ለነጥብ ብቻ የያዘ ሰው ነጥቡ ሲቀር የሚይዘው ያጣል። ዛሬ ያልገባኝን አንድ ነገር ልወቅ፣ ለጓደኛዬም ላስረዳ ብሎ በየዕለቱ የተማረ ግን፣ ፈተናው ቢጥለውም ያወቀው ዕውቀትና የለመደው ሥራ ከእርሱ ጋር ይቀራሉ፤ እንደ አበበ እጆች ለሌላ ሥራ ይሆኑታል።

ይህን ስንል ግብ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። አበበም ሮም የሄደው ለማሸነፍ ነው። ነገር ግን ግብ መንገዱን ያሳያል እንጂ መንገዱን አይሄድልንም።

እንግዲህ ወላጆቻችንን በትሕትና የምንለምነው፣ ማታ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ስንተኛ ወጣህ ከማለት አስቀድመው ዛሬ ምን ተማርህ፣ ምን ተማርሽ ብለው እንዲጠይቁን ነው። እኛም ተማሪዎች በየጧቱ ደብተራችንን ስንይዝ የዕለቱን ሐሳብ አብረን እንያዝ።