የሕንድ ሴቶች ልጆች መምህርት

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ ሴቶች መብት ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የአውሮፓንና የአሜሪካን ሴቶች ነው። እኔ ግን መምህር እንደ መሆኔ መጠን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቁኝ ሕንዳዊቷ መምህርት ወይዘሮ ሳቪትሪባይ ፉሌ ስለ ሆኑ፣ ታሪካቸውን ባጭሩ ለአንባቢዎች እንዳቀርብ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወይዘሮ ሳቪትሪባይ በ1831 ዓ.ም. በምዕራብ ሕንድ በሳታራ አውራጃ፣ ናይጋኦን በምትባል መንደር ተወለዱ። በ9 ዓመታቸው የ13 ዓመት ልጅ ለነበሩት ለጆቲራኦ ፉሌ ተዳሩ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ማንበብ ከተማረች ባልዋ ይሞትባታል የሚል አጉል እምነት ነበረና ሙሽራዪቱ ፊደል አልቆጠሩም። ባላቸው ግን በፑና ከተማ በስኮትላንድ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማሩ ነበሩና ዕውቀቱን ለብቻቸው አላስቀሩትም፤ ሚስታቸውን በቤት አስተማሩ። ወይዘሮዋም በኋላ በአሕመድናጋር አሜሪካዊቷ ሚሲዮናዊት ሚስ ሲንቲያ ፋራር ዘንድ የመምህርነት ሥልጠና አገኙ።

በ1848 ዓ.ም. ባልና ሚስቱ በፑና ለሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሳቪትሪባይ ገና የ17 ዓመት ወጣት ነበሩ። ወደ ሥራ ሲሄዱ ጭቃና እበት ይወረወርባቸው ስለ ነበር፣ ትርፍ ሳሪ ይዘው እየሄዱ ከትምህርት ቤቱ ሲደርሱ ይለውጡ እንደ ነበር ይነገራል። የባላቸውም አባት የሰው ወቀሳ ቢከብዳቸው ከቤት አስወጧቸው። እነርሱ ግን ሥራውን አልተዉም፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ትምህርት ቤቶቹ 3 ሆኑ።

በዚያ አገር የከፍተኛው ወገን ሴት በልጅነቷ ባል ቢሞትባት እንኳ ሌላ ማግባት አትችልም ነበር። ተታላ ያረገዘች እንደ ሆነ ውርደቱን ፈርታ ሕፃኑን ወይም ራሷን ታጠፋለች። ፉሌዎች በ1863 ዓ.ም. እንዲህ ያሉት በስውር የሚወልዱበትን መጠጊያ አቋቋሙ። የራሳቸው ልጅ ስላልነበራቸው የአንዲት ባልቴት ልጅ የነበረውን ያሽዋንትን ወስደው አሳደጉ፤ ለሐኪምነትም አበቁት።

ባላቸው በ1890 ዓ.ም. ሲሞቱ፣ ለሴት ያልተለመደ ቢሆንም ከአስከሬኑ ፊት ቀድመው ሄዱ። በ1897 ዓ.ም. የወረርሽኝ በሽታ ፑናን በመታ ጊዜ ከልጃቸው ጋር ሕሙማንን አስታመሙ። የታመመ ልጅ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ሕክምናው ስፍራ ካደረሱ በኋላ በሽታው ያዛቸውና መጋቢት 10 ቀን በ66 ዓመታቸው ዐረፉ። ጭቃ በተወረወረባቸው ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በስማቸው ይጠራል።

ይህን የጻፍሁት ለአድናቆት ብቻ አይደለም። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች የወለድናቸውን ሴቶች ልጆች እናስተምራለን። ነገር ግን በብዙዎቻችን ቤት ከገጠር መጥታ ወጥ የምትሠራልን፣ ልጆቻችንን የምታዝልልን ልጅ አለች። በማታ ክፍሌ እንዲህ ያሉት በመስከረም ተመዝግበው፣ ራት ሳያቀርቡ መውጣት ስለማይፈቀድላቸው እያረፈዱ፣ ከገና በፊት ሲቀሩ አያለሁ። ጭቃ የወረወረባቸው የለም፤ ያስቀራቸው የኛ ራት ነው። እንግዲህ ደብተር ገዝተን ከ12 ሰዓት በፊት ብንለቃትና ራታችንን ራሳችን ብናቀርብ ምን ይጎድልብናል?

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ