ከተጫዋችነት ወደ አደራጅነት፦ የክቡር አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የመጀመሪያ ዓመታት

የአገራችን እግር ኳስ ፌዴሬሽን፣ የውድድር ደንብና የክለቦች መዝገብ ሳይኖረው በጥቂት ወጣቶች ፍላጎት ብቻ የቆመበት ዘመን ነበር። ከእነዚያ ወጣቶች አንዱ ክቡር አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ብዙዎች የሚያውቋቸው በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንትነታቸው ነው። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ኃላፊነት ያበቃቸውን የተጫዋችነት ዘመን ያወሳል።

ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔያቸውና ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ቀዳሚነታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ይድነቃቸው በአዲስ አበባ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ በአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ የተባለውን ክለብ ሲመሠርቱ፣ ይድነቃቸው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ ልጅ ነበሩ። ሆኖም ከክለቡ የመጀመሪያ ተጫዋቾች መካከል ተሰለፉ። በዚያ ዘመን ተጫዋች ደመወዝ አልነበረውም፤ ወጣቶቹን ወደ ሜዳ የሚያወጣቸው የጨዋታው ፍቅር ብቻ ነበር።

ክለቡ በተቋቋመበት ዓመት ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን ያዘ። ወራሪው በሌላው ኑሮ ሁሉ የዘረጋውን የዘር ልዩነት ወደ ስፖርቱም አስገባው። ኢትዮጵያውያን ከነጮች ጋር እንዳይጋጠሙ ተከልክለው፣ ለብቻቸው በተዘጋጀ ውድድር ብቻ እንዲጫወቱ ተደረገ። ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙን አጥቶ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር እንዲባል ተገደደ። ይድነቃቸውና ጓደኞቻቸው ግን በተጫነባቸው ስም ሥር ሆነው መጫወታቸውን ስላልተዉ ቡድኑ ሳይበተን የነፃነትን ቀን አየ። ወጣቱ ተጫዋች በእነዚያ ዓመታት የተረዱት ነገር በኋላ ሕይወታቸው ሁሉ ታይቷል፤ ሜዳውንና ደንቡን ሌላ ሰው ከያዘው፣ የተጫዋቹ ችሎታ ብቻውን መብቱን አያስከብርለትም።

በ1933 ዓ.ም. አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ክለቡ የቀድሞ ስሙን መለሰ። በአዲስ አበባም የግሪኮች፣ የአርመኖች፣ የኢጣሊያኖችና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድኖች ነበሩ። ትናንት ከነጭ ጋር እንዳይጋጠሙ የተከለከሉት ወጣቶች አሁን በአንድ ሜዳና በአንድ ደንብ ተወዳደሩ። የመጀመሪያውን ሻምፒዮና የእንግሊዝ ሚሲዮን ቡድን ወሰደ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነው በ1942 ዓ.ም. ነው።

ይድነቃቸው በዚህ ጊዜ ሁለት ሥራ ይዘው ነበር። በአንድ በኩል ለክለባቸውና ለብሔራዊ ቡድኑ ይጫወታሉ። በሌላ በኩል አዲስ በተቋቋመው ፌዴሬሽን በጸሐፊነት እያገለገሉ ውድድር ያዘጋጃሉ፣ ደብዳቤ ይጻጻፋሉ፣ የጨዋታውንም ሕግ ወደ አማርኛ ይመልሳሉ። ሕጉ በአማርኛ መገኘቱ ቀላል ነገር አልነበረም። ዳኛውም፣ ተጫዋቹም፣ ተመልካቹም በሚያውቁት ቋንቋ የተጻፈ አንድ ደንብ ሲኖራቸው፣ ክርክርን በጉልበት ሳይሆን በአንቀጽ መፍታት ይቻላል።

ይህ ልምድ ከአገር ውጭ የተፈተነው በ1949 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የካቲት ወር የኢትዮጵያ፣ የግብፅ፣ የሱዳንና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች፣ ከሸሕዲ በመተማ ዮሐንስ በኩል ድንበር ተሻግሮ በሚደረስባት በካርቱም ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ። ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። በዚያው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲዘጋጅ ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ ተጫዋቾችን የቀላቀለ ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች። በልጅነታቸው በቀለማቸው ምክንያት ለብቻቸው እንዲጫወቱ የተደረጉት ሰው፣ ያንኑ ልዩነት የማይቀበል አህጉራዊ ድርጅት ሲያቆሙ ለማየት በቁ።

ይድነቃቸው ከሃያ ዓመት በላይ ለአንድ ክለብ ብቻ ከተጫወቱ በኋላ በ1950 ዓ.ም. ሜዳውን ተሰናበቱ። በጥር 1954 ዓ.ም. በአሠልጣኝነት የመሩት ብሔራዊ ቡድን አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መርተው፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ዛሬ በሸሕዲም ሆነ በሌላ ከተማ የሰፈሩን ቡድን ለማስመዝገብ ወደ ስፖርት ጽሕፈት ቤት የሚመጣ ወጣት፣ የሚሞላው ቅጽ አሰልቺ ቢመስለውም አያስገርምም። ነገር ግን አንድ ቡድን በገዛ ስሙ መመዝገብ ያልቻለበት ጊዜ ነበር። የይድነቃቸው የወጣትነት ዘመን የሚያስታውሰን ይህንኑ ነው።